የእንጦጦ አሮጌ ቅጥር

አዲስ አበባን ማን ቆረቆራት ተብሎ ቢጠየቅ እጁን የማያወጣ ተማሪ የለም። እቴጌ ጣይቱ፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ፍል ውሃ አጠገብ። መልሱ ልክ ነው፤ እርማት አያሻውም። ጉድለቱ ታሪኩን ከሜዳው መጀመሩ ላይ ነው። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ ከተባለ፣ ለመሆኑ መጀመሪያውኑ ወደዚያ ብርዳም ተራራ ምን አወጣቸው ብሎ መጠየቅ በተገባ ነበር። ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በትምህርት ቤት ታሪካችን ውስጥ እንጦጦ ቤተ መንግሥቱ ለጥቂት ዓመታት ያረፈባት፣ ማገዶ ያለቀባት፣ ነፋስ የሚያፏጭባት መሸጋገሪያ ሆና ቀርታለች።

ምኒልክ በሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከልቼም ወደ ወጨጫና ፉሪ አካባቢ ሲዘዋወሩ ቆይተው በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ከተሙ። አንደኛው ምክንያት ለጦር ሰው ግልጽ ነው። ከተራራው ራስ ላይ የቆመ ሰው የረርን፣ ዝቋላን፣ ፉሪንና ወጨጫን ፊቱን ብቻ እያዞረ ይቃኛቸዋል፤ በመካከላቸው ባለው ሜዳ የሚነሣ አቧራ ከዓይኑ አያመልጥም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የጦር ስልት አይደለም። እንጦጦ የቀድሞ ነገሥታት መቀመጫ፣ የአፄ ዳዊት ከተማ እንደነበረች በዘመኑ ይነገር ነበር፤ ምኒልክም የአባቶቻቸውን ከተማ መልሰው ሊያቀኑ አሰቡ። ስለዚህ ለእሳቸው እንጦጦ አዲስ ሰፈር አልነበረችም። የጠፋ ርስት ነበረች።

የትኛው ዳዊት? ወጉ በዚህ ላይ አፉን ሞልቶ አይናገርም። በዚያ ስም ከሚጠሩት መካከል ሁለቱ ይታወቃሉ። አንደኛው ከ1382 እስከ 1413 የነገሡት፣ የግማደ መስቀሉ ታሪክ ከስማቸው ጋር የሚነሣው፣ የዘርዐ ያዕቆብ አባት ናቸው። ሁለተኛው በእኛ ዘንድ ልብነ ድንግል በሚለው ስማቸው የታወቁት፣ ፖርቱጋሎች ግን ዳዊት እያሉ የጻፉላቸው ንጉሥ ናቸው፤ ዘመናቸውም ከ1508 እስከ 1540 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ርቀት አለ። (የመካከለኛው ዘመን ቀኖቻችንን በብዛት የምናገኛቸው ከውጭ ጽሑፎች ጋር እያስተያየን ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከምኒልክ በፊት ያሉትን ቁጥሮች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ። ከምኒልክ ወዲህ ያሉት፣ የውጭ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በራሳችን ናቸው።)

ወግ ወግ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ነገሩን እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን ድንጋይም አለ።

ከየካ በላይ፣ ከዋሻ ሚካኤል ወደ እንጦጦ ማርያም በሚዘልቀው ጠርዝ ላይ፣ የአንድ ትልቅ አሮጌ ሰፈር ፍርስራሽ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 30 ሔክታር ይገመታል። በውስጡ አምስት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ቅጥር አለ፤ ጥናት ያደረጉበት ሰዎች ከቅርጹ ተነሥተው «ፔንታጎን» ብለውታል። ስሙ የአሜሪካንን የጦር መሥሪያ ቤት ስለሚያስታውስ ለጆሮዬ አይጥመኝም፤ አምስት ማዕዘን ብንለው ምን ይጎድለናል? የቅጥሩ ርዝመት 520 ሜትር ያህል ነው። ግንቡ ከፍ ብሎ በቀረባቸው ቦታዎች እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በዙሪያውም 12 ማማዎች ነበሩት።

እነዚህን ቁጥሮች ዝም ብለን ከማለፍ ትንሽ ብናሰላቸው ይናገራሉ። 520 ሜትርን ለአምስት ብናካፍል እያንዳንዱ ጎን በአማካይ 104 ሜትር ይሆናል። ለ12 ማማ ብናካፍለው ደግሞ፣ ማማዎቹ በእኩል ርቀት ቆመው ቢሆን ኖሮ፣ ከአንዱ እስከ ሌላው 43 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቅጥሩን ሊንድ ወይም ሊዘል ከግንቡ ሥር የተጠጋ ጠላት የትም ቢቆም ከአንዱ ማማ ከ22 ሜትር በላይ አይርቅም። ሃያ ሁለት ሜትር ጎበዝ ጦር ወርዋሪ የሚስተው ርቀት አይደለም፤ ለቀስተኛማ ጨዋታ ነው። ማማ ከግንቡ ወጣ ብሎ የሚሠራበት ምክንያትም ይኸው ነው። በቀጥታ ግንብ ላይ የቆመ ዘበኛ ከእግሩ ሥር ያለውን ጠላት ለማየት ማጎንበስና ራሱን ማጋለጥ አለበት፤ ወጣ ባለው ማማ ላይ የቆመው ግን ጠላቱን ከጎኑ ያገኘዋል። ይህን የሠራ ሰው የከብት በረት አላጠረም። ጦርነት የሚያውቅ፣ ገመድ ጥሎ የለካ፣ ብዙ የሰው ጉልበት የሚያዝ ሰው ነበር።

ማን ነበር? መቼስ? ጥያቄው ከአዲስ አበባ ዕድሜ አልፎ ሌላ ነገር የሚነካ ስለሆነ በደንብ ልዘርዝረው።

በተለመደው የታሪክ አካሄዳችን ድንጋይ የሠራን በአክሱም፣ ከዚያ በላሊበላ፣ ከዚያ በጎንደር ነው። በላሊበላና በጎንደር መካከል ያለው ዘመን፣ ማለትም ከ1270 ጀምሮ ነገሥታቱ በሸዋና በአምሐራ የተዘዋወሩበት ጊዜ፣ የድንኳን ዘመን ይባላል። ይህ ያለ ምክንያት የተባለ አይደለም። በ1520 የመጣውና ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ንጉሡ ቋሚ መቀመጫ እንደሌላቸው፣ በድንኳን ከቦታ ቦታ እንደሚዘዋወሩ ጽፏል። ቋንቋችንም ምስክር ነው። «ከተማ» የሚለው ቃል «ከተመ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ሠራዊት ያረፈበት ሰፈር ማለት ነበር። ማዕረጎቻችንም ቢሆኑ የሰፈር ካርታ ናቸው። ፊታውራሪ በፊት ይሄዳል፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሰፍራል፣ ደጃዝማች የንጉሡን ደጅ ይይዛል። ድንኳኑ በየቀኑ ቢነቀልም ሥርዓቱ አይነቀልም። ሌላው አገር ከተማውን በድንጋይ ሲያቆም የእኛ ሰዎች በሹመት አቆሙት ማለት ይቻላል።

ሆኖም የድንኳኑ ዘመን ሙሉ በሙሉ ድንኳን አልነበረም። ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት አሠርተው የመጨረሻዎቹን ዓመታት በአብዛኛው እዚያው ኖረዋል። ከዚህም ሌላ በውጭ ሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ የከተማ ስም አለ፤ ባራራ።

ባራራ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በቬኒስ በተሠራ የዓለም ካርታ ላይ ነው። ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ1450 ገደማ የሣለው ይህ ካርታ፣ ደቡብን ወደ ላይ አድርጎ ስለሚያሳይ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ በላይ ተቀምጣ ትታያለች (ዓለምን እንዲህ ገልብጦ ማየት አልፎ አልፎ ደስ ይላል)። መነኩሴው አገራችንን አላያትም። ያየውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ወደ እሱ ሄደው ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ያገኘው እዚያው ከተወለዱ የሃይማኖት ሰዎች መሆኑን፣ አገራቸውንም በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ በካርታው ላይ መዝግቧል። አዋሽና ዓባይ ካርታው ላይ መገኘታቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ባራራንም ያስቀመጠው በዝቋላና በመናገሻ መካከል ነው። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በዝቋላና በመናገሻ መካከል ያለውን አገር ለማየት ከእንጦጦ የተሻለ ሰገነት የለም።

ከፍራ ማውሮ በኋላም ስሙ አልጠፋም። በ1480ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የተላከ አንድ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ባራራ የተባለው የንጉሥ መቀመጫ ላይ ሲደርስ ቀድመውት የመጡ ጣሊያናውያን አግኝቷል። ከእነሱ መካከል በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሎቹ የሚታወቀው ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሊዮን ይገኝበታል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሌላ የቬኒስ ሰው ወደዚያ የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እየጠየቀ የመንገዳቸውን ዝርዝር ጽፎ አኑሯል፤ በዚያም ባራራ የንጉሡ መኖሪያ ሆና ትጠቀሳለች። በጠላት ወገን ያለው ምስክርም አላለፋትም። የኢማም አሕመድን ዘመቻ በዓረብኛ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ ስሟን ያነሣል።

መጨረሻዋም ከዚያ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ነው። በ1529 መጋቢት ወር በሽምብራ ኩሬ የልብነ ድንግል ሠራዊት ተሸነፈ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትና የንጉሥ ግምጃ ቤቶች ተራ በተራ ነደዱ። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ ኖረው በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። ልጃቸው ገላውዴዎስ ከፖርቱጋሎቹ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ድል ቢያደርጉም፣ የመንግሥቱ ክብደት ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ጣና ዙሪያ ሄደ። በሸዋ ደጋ የኦሮሞ ጎሳዎች ሰፈሩ፤ ዛሬ የምንጠራቸው ጉለሌና የካ የሚባሉት የሰፈር ስሞችም ከእነዚሁ ጎሳዎች ስም ጋር የተያያዙ ናቸው። ባራራ የት እንደነበረች የሚያስታውስ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሐርትቪግ ብሬተርኒትስና ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ፓንክረስትን እንኳ አንባቢ ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ከወጨጫ እስከ የረር ባለው አገር ያሉትን አሮጌ ሰፈሮች ዳስሰው ውጤቱን «አናል ዴቲዮፒ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። የእንጦጦው አምስት ማዕዘን ቅጥርና የባራራ ስም አንድ ላይ የሚነሡት ከዚያ ወዲህ ነው። ሐሳቡ ተራ ግምት አይደለም። ካርታው፣ የመነኮሳቱ መንገድ፣ የምኒልክ ዘመን ወግና ፍርስራሹ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ነገር ግን ሥራው የገጽ ዳሰሳ ነበር፤ ከመሬት በላይ የሚታየውን የሚመዘግብ ማለት ነው። ግንቡን ከመሬቱ ነጥሎ ዘመኑን የሚነግረን ቁፋሮ ነው። ከመሠረቱ ሥር የተገኘ አንድ እፍኝ ከሰል፣ በወለሉ ላይ የተሰበረ ገል፣ የተጣለ የብረት ቁራጭ ከብዙ ገጽ ክርክር ይበልጣል።

ቅጥሩ ከ1529 በፊት የተሠራ ሆኖ ከተገኘ የሚቀየረው ነገር ብዙ ነው። የጎንደር አብያተ መንግሥት የተጀመሩት በፋሲል ዘመን፣ በ1630ዎቹ ነው። ከነሱ በፊት ያለው፣ በጣና ምሥራቅ የቆመው የጉዛራ ግንብ፣ በሠርፀ ድንግል ዘመን፣ ከ1563 እስከ 1597 ባለው ጊዜ እንደተሠራ ይነገርለታል። ሁለቱም ከፖርቱጋሎች መምጣት በኋላ ስለሆኑ «ግንብ መሥራትን ያስተማሩን ፈረንጆች ናቸው» ለሚል ሰው የሚመች ቅደም ተከተል ነው። በእንጦጦ ጠርዝ ላይ 12 ማማ ያለው ምሽግ ከሽምብራ ኩሬ በፊት ቆሞ ከነበረ ያ ቅደም ተከተል ይናጋል። በእርግጥ ተቃዋሚው «ባራራ ጣሊያናውያን ነበሩባት ብለሃል አይደል?» ብሎ ሊመልስብኝ ይችላል። ይበል። ሠዓሊ መኖሩ ግን ግንበኛ መኖሩን አያስረዳም።

ዋሻ ሚካኤልም በዚሁ ክርክር ውስጥ ድርሻ አለው። ከየካ በላይ ካለው ኮረብታ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው ተንዷል። ምእመናኑ ሥራውን ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጣሉ፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ብዙ መቶ ዓመታት ወደዚህ ያመጡታል። ማንም ትክክል ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሚነግረን አንድ ነገር አለ። ዓለትን ከላይ ወደ ታች እየፈለፈሉ ቤተ መቅደስ ማውጣት የአንድ ክረምትና የአንድ በጋ ሥራ አይደለም። ድንኳን ነቅሎ የሚሄድ ሕዝብ ብቻውን አይሠራውም። በዚያ ጠርዝ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ የሠራ፣ የሚያበላውና የሚያዘው የነበረው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ከአገር ልውጣ፤ በኮረብታ ላይ የቆመ ምሽግ ሌላ ቦታ ምን ዕጣ እንደገጠመው ማየቱ ይጠቅማል። በግሪክ ደሴት በሮድስ፣ ሊንዶስ ከሚባል ነጭ መንደር አናት ላይ፣ ከባሕሩ 116 ሜትር ከፍ ያለ ዓለት አለ። በዓለቱ ላይ የጥንት ግሪኮች ለአቴና አምላካቸው ቤተ መቅደስ ሠሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ ከ1309 ጀምሮ ደሴቱን የያዙት የቅዱስ ዮሐንስ መስቀለኞች ቤተ መቅደሱን በምሽግ ከበቡት። በ1522 ሱልጣን ሱሌይማን ስድስት ወር ያህል ከቦ ሮድስን ወሰደ፤ ምሽጉም የኦቶማኖች ሆነ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዴንማርኮች ቆፈሩት፣ ጣሊያኖች ደሴቱን በያዙበት ዘመን ጠገኑት፣ ዛሬ የግሪክ ነው። ጎብኚው ትኬት ቆርጦ ይወጣል፤ መውጣት ያቃተው አህያ ይከራያል። የእኛ የእንጦጦ አህያ የባሕር ዛፍ ጭኖ ቁልቁል ይወርዳል፣ የሊንዶሱ ቱሪስት ጭኖ ሽቅብ ይወጣል፤ ዕድላቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው።

ሊንዶስን ያነሣሁት ለአህያው ብዬ አይደለም። ሮድስ በወደቀች በሰባተኛ ዓመቷ ሽምብራ ኩሬ ሆነ። በሁለቱም ቦታ አሮጌው የጦር ዘዴ የገጠመው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ባሩድ። የኢማም አሕመድ ጠመንጃዎች በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ በቀይ ባሕር በኩል ኃይላቸው የሰፋው የኦቶማኖች ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ለጦር ውርወራ የተለካ 43 ሜትር ርቀት ለነፍጥ አይበቃም። አምስት ማዕዘኑ ቅጥር በእርግጥ የልብነ ድንግል ከሆነ፣ የተሠራው በሚያልፍበት ዓመት ዋዜማ ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሊንዶስ ላይ ግሪኩም፣ መስቀለኛውም፣ ቱርኩም በየራሳቸው ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ፤ አንዱን ለማሳየት ሌላው አይፈርስም። የእኛ ግን ገና ሳይቆፈር ባለቤትነት ተጠየቀበት። ከአገራችን የ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ «አዲስ አበባ የማን ናት?» የሚለው ንትርክ ሲጋጋል ባራራ የሚለው ስም ከመጽሔቶች ወጥቶ ወደ አደባባይ ገባ። አንዱ ወገን «ከተማችን ከ1879 በፊት ነበረች» ሲል ምስክሩ አደረጋት። ሌላው «ፊንፊኔን ለመውሰድ የተፈበረከ ተረት» አላት። ሁለቱም ፍርስራሹን ከመቆፈር ይልቅ መጥራቱን መረጡ።

እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ክርክር የሚጎዳው ግንቡ ነው። አሮጌ ድንጋይ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ አይደለም። በ1450 በዚያ ተራራ ላይ የንጉሥ ቅጥር መኖሩ፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመት በዚያ ሜዳ ከብት ያረቡትን፣ ፍል ውሃውን ፊንፊኔ ብለው የጠሩትን፣ ኋላም በምኒልክ ዘመን የተነቀሉትን ሰዎች አይሽርም። የእነሱ መኖርም ግንቡን ወደ ተረት አይለውጠውም። አንዱን ለመቀበል ሌላውን መካድ የሚያስፈልገው ታሪክን እንደ ፍርድ ቤት ክስ ለያዘ ሰው ብቻ ነው። በዚህ መካከል ግንቡ በዓመት በዓመቱ ዝናብ ይወርድበታል፤ ተፈልጦ የተዘጋጀ ድንጋይ ደግሞ ቤት ለሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ይመቻል፣ ለዚያ የታሪክ ምሁር መሆን አያሻም።

ወደ ምኒልክ ልመለስ። የአባቶቻቸውን ከተማ ፈልገው የወጡት ንጉሥ እላይ የሠሩት ቤተ መንግሥት ከድንጋዩ ቅጥር ጋር ሲተያይ የዋህ ነው፤ እንጨት፣ ጭቃና የሣር ክዳን። እንጦጦ ማርያም አጠገብ አሁንም ይታያል። ገብቶ ያየው ሰው «ዓድዋን ያሸነፉት ሰው እዚህ ኖሩ?» ይላል፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክፍሉ ጠበብ ያለ የጌታ ቤት ነው። ንጉሠ ነገሥትነታቸውን የተቀቡት ግን እዚሁ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ጣይቱ ቤት የሠሩባት የፍል ውሃ ሰፈር ስም ካገኘች ጥቂት ዓመት ሆኗት ነበር። ዘውዱ ላይ፣ ሕይወቱ ታች ሆነ።

እንጦጦ ለመኖር አይመችም። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ክረምት ላይ መብረቁ ከራስ በላይ ሳይሆን ከጎን ይመጣል። ውሃውም ችግር ነው፤ ምክንያቱም ጠርዙ ራሱ ውሃ የሚከፈልበት ጫፍ ነው። በሰሜን ቁልቁለቱ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ በደቡቡ የወረደው በአዲስ አበባ ወንዞች አድርጎ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ወደ ታች ይሮጣሉ፣ ከጫፉ ላይ የሚቆይ ጥቂት ነው። ለምሽግ ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ጠላትም ውሃ አያገኝም። ሠራዊቱን፣ ገበያውንና መኳንንቱን ይዞ ለሚቀመጥ ቤተ መንግሥት ግን መከራ ነው። በዚያ ላይ እንጨቱ አለቀ። ማገዶው እየራቀ ሲሄድ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ያዳናት ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ የእንጦጦ አረንጓዴ ብለን የምናደንቀው ይኸው ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። የዳዊት ዘመን ሰው ቢነሣ ቅጥሩን ሊያውቀው ይችል ይሆናል፤ ደኑን ግን ፈጽሞ አያውቀውም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይቀርብኛል። ምኒልክ እንጦጦን በጥቂት ዓመታት ከተዉት፣ የቀድሞዎቹስ እዚያ ለምን ተቀመጡ? የእኔ ግምት፣ ግምት ነው ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ንጉሡ ራሳቸው ዓመቱን ሙሉ አልተቀመጡበትም የሚል ነው። ድንኳኑ በሜዳው ሲዞር፣ የማይዞር ነገር ደግሞ መኖር ነበረበት፤ ግምጃ ቤት፣ መጻሕፍት፣ የንዋየ ቅድሳት ዕቃ፣ የታሰረ ባላጋራ። እንዲህ ያለው ነገር ማማ ባለው ቅጥር ውስጥ፣ ብርድ በማይፈሩ ዘበኞች ይጠበቃል። ያኔ አልቫሬዝም እውነቱን ተናግሯል፣ ግንቡም እውነቱን ይናገራል፤ ድንኳንና ድንጋይ አንድ መንግሥት ናቸው። ይህን ሐሳብ የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው ቁፋሮው ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ የብዙ ሰው ምድጃ ከተገኘ እኔ ተሸነፍሁ፣ የጎተራና የዕቃ ቤት ወለል ከተገኘ ግን እናያለን።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ተራራውን የሚጎበኝ ሰው በዝቷል፤ አስፋልቱም ቡናውም ወደ ላይ ወጥቷል። አሮጌውን እንጦጦ ማየት የሚሻ ግን በየካ በኩል ቢጀምር ይሻለዋል። መጀመሪያ ዋሻ ሚካኤል፣ ከዚያ በጠርዙ ላይ ወደ ምዕራብ፣ መጨረሻ እንጦጦ ማርያምና የምኒልክ ቤት። ክረምት ላይ ጭቃውና ጉሙ አያስኬድም። ጥቅምት ይሻላል፤ ሰማዩ ጠርቶ ዝቋላ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ወር ነው። የአካባቢውን ሰው አስከትሎ መሄድ ያስፈልጋል፤ ግንቡን ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፣ ምልክትም የለበትም ብሎ መነሣት ይሻላል። ድንጋይ ማንሣት አይገባም፤ ገልም ቢሆን። በገሉ ላይ ያለው ጥበብ ምንም ባይመስል፣ የት ቦታ እንደወደቀ ካልታወቀ ለቆፋሪው የሚነግረው ነገር የለም።